ሦስት ፓኮ ምላጭ ለአንድ ማሽን፦ የትኛውን ደግሜ ገዛሁ?

ምላጭ ትንሽ ነገር ነው። መዳፍ ላይ ቢቀመጥ ክብሪት ቢያህል ነው። ግን ክፍል የሚሞላ ፍላትቤድ (ሉህ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ የሚቆረጥበት) መቁረጫ ማሽን በእሱ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ተገትሮ ሊውል ይችላል። እኔ ከዚህ ማሽን አጠገብ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ። ሽያጭ ውስጥ የለሁበትም፣ ማንም ምላጭ በነፃ አልሰጠኝም። ሦስት ዓይነት ተለዋጭ ምላጭ ገዝቼ ሁሉንም እየቀያየርኩ ሠራሁባቸው፣ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

አንደኛው ፓኮ የማሽኑ አምራች በራሱ ስም የሚሸጠው ነው። "ዋናው" እያልኩ ልጥራው። ሁለተኛው ምላጭ ብቻ የሚሠራ ሌላ ፋብሪካ በዋናው ልክ ያወጣው፣ "ተመሳሳዩ"። ሦስተኛው ስምም የለው፣ ስዕልም የለው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። እሱን "ስም የለሹ" ብለነዋል።

ለቸኮለ ሰው መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው ሥራ ተመሳሳዩን ደግሜ ገዝቻለሁ። ለጥቃቅን ሥራ ዋናውን ትንሽ አስቀምጣለሁ። ስም የለሹን ለማንም አልመክርም። ምክንያቱ ግን "ርካሽ መጥፎ ነው" የሚለው አይደለም፣ ጉዳዩ እሱ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

መጀመሪያ ስለ ምን እያወራን እንደሆነ እንግባባ። ድራግ ብሌድ የሚባለው የሚጎተተው ምላጭ ነው። አይንቀጠቀጥም፣ አይሽከረከርም። የሚቆረጠው ዕቃ ውስጥ ይሰካና የማሽኑ ጭንቅላት ይጎትተዋል፣ በቃ። በትንንሾቹ የስቲከር መቁረጫ ማሽኖች (ፕሎተሮች) ላይ ምላጩ በራሱ እንደ ወንበር ጎማ ወደሚሄድበት ይዞራል፣ ጫፉ ከመዞሪያው መሃል ትንሽ ፈንጠር ያለ ስለሆነ። በትልልቆቹ ፍላትቤዶች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሞተር ነው አቅጣጫውን እያዞረ የሚሰጠው። ስለዚህ የፕሎተር ምላጭ ተርፎኛል ብላችሁ እዚህ ለመግጠም አትሞክሩ። የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሚጎተት ምላጭ ጥሩ የሚሠራው ቀጠን ባለና ጠበቅ ባለ ዕቃ ላይ ነው። ስቲከር፣ ወፍራም ወረቀትና የማሸጊያ ካርቶን፣ ስስ ፕላስቲክ፣ ስስ ፎም ፒቪሲ (ቀለል ያለ የፕላስቲክ ሰሌዳ)፣ ጓርኒሲዮን የሚሠራበት ሉህ። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ግን ዕቃውን እየገፋ ያስቸግራል፣ እዚያ ላይ ወደላይና ወደታች የሚንቀጠቀጠው ቢላ ነው የሚያዋጣው። ወፍራም የቆርቆሮ ቅርጽ ያለውን ካርቶን ደግሞ ሆዱን ይጨፈልቀዋል። ጨርቅን ይሰበስበዋል፣ ለጨርቅ ክቡ ተሽከርካሪ ምላጭ አለለት። ይህን ያነሳሁት አንዳንዴ ችግሩ የምላጩ ብራንድ ሳይሆን የመሣሪያው ዓይነት ስለሆነ ነው። የቱንም ያህል ውድ ምላጭ ብትገዙ 30 ሚሊ ስፖንጅ በመጎተት አይቆረጥም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ተመሳሳዩን መጀመሪያ ያዘዝኩ ጊዜ ፎቶውን አይቼ ነው ያዘዝኩት። ቅርጹ ቁርጥ ያለ ዋናው ነው። መጣ፣ ከመያዣው ሰካሁት፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር ደህና። የሁለተኛው መስመር መነሻ ትንሽ ዞር አለ። ክብ ስቆርጥ መነሻና መድረሻው አልተገናኙም፣ የፀጉር ያህል ተላለፉ። ማሽኑን ተጠራጠርኩ፣ ካሊብሬሽኑን ደጋግሜ ሠራሁት፣ ቺንጊያውን አየሁ፣ ግማሽ ቀኔን በላው። በመጨረሻ ምላጩን አውጥቼ በካሊፐር ስለካው ውፍረቱ ለእኔ መያዣ የሚሆነው አይደለም። መያዣው ለ1.5 ሚሊ ነው፣ እኔ ያዘዝኩት 1 ሚሊ። በብሎን ሲጠብቅ ወደ አንድ ወገን እየተጠጋ ጫፉ ከመሃል ይወጣል። ፋብሪካው ምንም አላጠፋም፣ ውፍረቱን ፓኮው ላይ በግልጽ ጽፎታል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ግንዱን፣ ማለትም መያዣው ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ እዩ። ጠፍጣፋ ነው ወይስ ክብ? ጠፍጣፋ ከሆነ ውፍረቱ ስንት ነው? 0.63፣ 1 እና 1.5 ሚሊ በብዛት የሚያጋጥሙ ናቸው። ክብ ከሆነ ዲያሜትሩ? ጠቅላላ ርዝመቱስ? ዙንድ፣ ኮንግስበርግ፣ ሱማና ሌሎቹም የማሽን አምራቾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መያዣና የየራሳቸው ኮድ አላቸው። የዙንዶቹ ለምሳሌ ዜድ በሚለው ፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት። ሌሎች ፋብሪካዎችም "ለዚህ ኮድ የሚሆን" እያሉ ይሸጣሉ። ኮዱ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ኮድ ብቻ አይበቃም፣ ልኩ የተጻፈበት ስዕል ከሌለ አትግዙ። ስም የለሹ የወደቀበት የመጀመሪያ ፈተና ይኸው ነው፣ ስዕል የለውም። "ይገባል፣ አታስብ" ነበር የሻጩ መልስ። መግባቱንማ ገባ።

ቀጥሎ ማዕዘን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ምላጭ ሲያማርር የሚያማርረው ማዕዘኑን ነው፣ ሳያውቀው።

ስለቱ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፣ ያዘነበለ ነው። ጫፉ ከሥር ወደኋላ፣ የስለቱ ላይኛ ክፍል ወደፊት። ስለዚህ 3 ሚሊ ፕላስቲክ እየቆረጣችሁ ጫፉ ከሥር ልክ ማዕዘኑ ላይ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ ከላይ ያለው የስለቱ ክፍል ማዕዘኑን አልፎ መሄዱ ግድ ነው። ስንት ያልፋል? ዝንባሌው ከዕቃው ወለል አንጻር 45 ዲግሪ ከሆነ 3 ሚሊ። 60 ከሆነ 1.7 ሚሊ ገደማ። 30 ከሆነ 5.2 ሚሊ ገደማ። ዕቃው በወፈረ ቁጥር ይህም በዚያው ልክ ያድጋል። በሶፍትዌሩ ላይ ኦቨርከት (ትርፍ ቁርጥ) ብሎ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። ዜሮ ብትሉት ማዕዘኑ ከላይ ያምርና ከሥር ሳይቆረጥ ይቀራል፣ ስታነሱት ያቺ ክር የምታህል ነገር ይዛው ትጎተታለች፣ ከዚያ በእጅ ስትጎትቱት ይቀደዳል።

"ታዲያ ቀጥ ያለውን መግዛት ነዋ!" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ቀጥ ያለ ስለት ዕቃውን ወደፊት ይገፋዋል። የተጋደመ ስለት ግን እየቆረጠ ወደታች፣ ወደ ጠረጴዛው ይጫነዋል፣ ለመጎተትም ይቀላል። ቀጥ ባለው ምላጭ ላይ ጭነቱ በሙሉ ጫፉ አካባቢ ይከማቻል፣ ዕቃውን ወደ ጠረጴዛው ስቦ የሚይዘው ቫኪዩም ትንሽ ከደከመ ዕቃው ይንሸራተታል፣ ጫፉም ቶሎ ይሸረፋል። ስለዚህ አንዱን ስታገኙ አንዱን ታጣላችሁ።

እኔ አሁን የምመርጠው እንዲህ ነው። የምቆርጠው የውጭ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ትርፍ ቁርጡ የሚያልፈው ወደ ቁርጥራጩ ነው፣ ማንም አያየውም። እዚያ ላይ የተጋደመውን እጠቀማለሁ፣ ረጅም ጊዜም ይቆይልኛል። ውስጡ መስኮት ያለው፣ ትንንሽ ፊደል ያለው ሥራ ከሆነ ግን ትርፉ የሚገባው ደንበኛው የሚወስደው ዕቃ ላይ ነው። ያኔ ቀጥ ያለውን አወጣና ፍጥነቱን እቀንሳለሁ። ሌላም ዘዴ አለ፣ ትርፍ ቁርጡ የሚታየው ከላይ በኩል ስለሆነ ሥራው ከፈቀደ የሚታየውን ፊት ወደታች ገልብጦ መቁረጥ። ፋይሉን እንደ መስታወት መገልበጥ እንዳትረሱ ብቻ። እኔ ረስቼ አውቃለሁ። አንድ ሙሉ ሉህ፣ ሁሉም ፊደል የኋሊት።

ማዕዘን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ አምራች ከዕቃው ወለል ይለካል፣ ሌላው ከምላጩ ቁመት። የአንዱ 60 የሌላው 30 ነው ማለት ነው። ፓኮው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትዘዙ፣ ስዕሉ ላይ ቅስቷ ከየት ተነስታ የት እንደምታርፍ እዩ። የተመሳሳዩ ፋብሪካ ይህን በደንብ ሥሎታል፣ እንዲያውም ከዋናው ይልቅ የእሱ ስዕል ግልጽ ነው። የሚገርም ነው።

ስለ ስለቱ አሳሳል አጠር አድርጌ ልለፍ። በሁለቱም ጎን የተሳለ አለ፣ በአንድ ጎን ብቻ የተሳለ አለ። ሁለት ጎን የተሳለው ዕቃውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ይገፋል፣ ለዘወትር ሥራ ይህ ይሁንላችሁ። አንድ ጎን የተሳለው በጠፍጣፋው ወገን ያለውን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ይተወዋል፣ ሌላውን ወገን ይገፋል፣ ስለዚህ የመቁረጫ አቅጣጫውን ካልጠበቃችሁ ጥሩው ጠርዝ ቁርጥራጩ ላይ ይቀራል። ቀጭን ምላጭ ዕቃውን ብዙ አይከፍተውም፣ ጠርዙ ያምራል፣ ግን ጠንካራ ነገር ላይ ይለመጣል። ወፍራሙ አይለመጥም፣ ወፍራም ዕቃ ላይ ግን ራሱ እንደ ሽብልቅ ይሆንና ይጣበቃል።

አሁን ብረቱ። ወይም ብረት የምንለው ነገር። የእነዚህ ምላጮች አብዛኞቹ ተንግስተን ካርባይድ ናቸው። እጅግ ደቃቅ የተንግስተን ካርባይድ ቅንጣቶች በኮባልት ተያይዘው፣ በሙቀት ተጋግረው የሚሠሩ። ክሩፕ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1926 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር "ቪዲያ" ብሎ ለገበያ አወጣው፣ በጀርመንኛ "እንደ አልማዝ" ከሚለው ተወስዶ ነው። እውነትም ይጠነክራል። ግን ጠንካራና የማይሰበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብረት ይታጠፋል፣ ካርባይድ አይታጠፍም፣ ይሸረፋል። ኮባልቱ ሲበዛ ሳይሸረፍ የመቻል አቅሙ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይቀንሳል። ቅንጣቱ ሲደቅ ስለቱ ይበልጥ ይሾላል፣ ጠርዙም ይጸናል። ሁለት ምላጮች "ካርባይድ" ተብለው በዕድሜ ሰማይና ምድር የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከፓኮ ላይ ማንበብ አይቻልም። የስለቱን ጥራት ግን በዓይን ማየት ይቻላል። 10 እጥፍ የምታጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር አለችኝ። ከእያንዳንዱ ፓኮ አዳዲሶቹን፣ ገና ምንም ያልቆረጡትን፣ አንድ በአንድ አየኋቸው። የዋናው ስለት ብርሃን ላይ ሲዞር አንድም ነጭ ነጥብ አያሳይም። ስለታም ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ጋ ወይ ዶልዱሟል ወይ ተሸርፏል። የተመሳሳዩም እንደዚሁ ንጹሕ ነው፣ የአሳሳሉ ጭረት ብቻ ትንሽ ጎላ ይላል። ስም የለሹ ደግሞ ከ10ሩ 3ቱ ገና ከላስቲኩ ሲወጡ ጫፋቸው ተሸርፏል። ምላጮቹ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ተደበላልቀው ነው የመጡት፣ እርስ በርስ ሲፋተጉ ሌላ ምን ይጠበቃል? የቀሩት 7ቱ ግን ደህና ይመስሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከ7ቱ ሁለቱ እንደ ዋናው ነው የቆረጡት። ችግሩ የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ ቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ረጅም ሥራ አስነስታችሁ ሻይ ልትጠጡ ከሄዳችሁ በኋላ ነው የሚነግሯችሁ።

ለመፈተን የተጠቀምኩበት ቅርጽ ቀላል ነው። ጫፉ የሾለ ኮከብ፣ መሃሉ ላይ 5 ሚሊ በ5 ሚሊ የሆነች መስኮት። በ2 ሚሊ የጓርኒሲዮን ሉህ፣ በ3 ሚሊ ፎም ፒቪሲና በማሸጊያ ካርቶን ላይ ደጋገምኩት። መፈተኛው ጣት ነው። ትንሿን መስኮት ከላይ በጣት ጫን ስታደርጓት ያለ ምንም ድምፅ ጠብ ማለት አለባት። ቀጭ ካለች አንድ ማዕዘን አልተቆረጠም ማለት ነው። ዋናው ላይ መስኮቶቹ ሉሁ ሲነሳ በራሳቸው ረገፉ። ተመሳሳዩም እንደዚያው ነበር፣ ጓርኒሲዮኑ ላይ ግን ቀድሞ ነው "ቀጭ" ማለት የጀመረው። ፋይበር የተቀላቀለበት ሉህ ማንኛውንም ምላጭ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ እዚያ ላይ ነው ልዩነታቸው የታየኝ። ፎም ፒቪሲውና ካርቶኑ ላይ ሁለቱን ለይ ብትሉኝ አልለይም። ስም የለሹ ካርቶኑ ላይ በመጀመሪያው ቀን ጠርዙን ፀጉር አስወጣው።

ያም ሆኖ ሁሉንም በምላጭ ማሳበብ ደግ አይደለም። ከሥር የሚነጠፈው ንጣፍ በተቆረጠና በጎደጎደበት ቦታ ላይ የትኛውም ምላጭ ሳይቆርጥ ያልፋል። ቫኪዩሙ የደከመ ማሽን ላይ አዲስ ምላጭም ዕቃውን ይዞት ይሄዳል። ጥልቀቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ከሆነ ምላጩ ከዕቃው ይልቅ ንጣፉን እየቆረጠ ነው የሚዶለድመው። ንጣፉ ውስጥ ጥቂት የሚሊሜትር አሥረኛ ክፍሎች ቢገባ በቂ ነው። እኔ አዲስ ምላጭ በቀየርኩ ቁጥር ዜሮውን፣ ማለትም የጫፉን መነሻ ከፍታ፣ እንደገና አስይዛለሁ፣ ያው ፓኮ ቢሆንም። ይህች ደቂቃ የማትፈጅ ነገር ናት፣ ብዙ ሰው ግን ይዘላታል።

መቼ ይቀየር ለሚለው ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ድምፁ ይጎላል። የጠርዙ ከንፈር ወደላይ ይነሳል፣ በጣት ሲዳበስ ይታወቃል። ካርቶኑ ይበጣጠሳል እንጂ አይቆረጥም። ማዕዘኖች መቅረት ይጀምራሉ። ኦፕሬተሩ በዚህ ጊዜ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፣ ጥልቀቱን ይጨምራል። ለግማሽ ሰዓት ይሠራለታል፣ ከዚያ ንጣፉም ምላጩም አብረው ያልቃሉ።

የዶለዶመን ምላጭ መልሶ መሳል ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን በተራ የሞረድ ድንጋይ አይሆንም፣ ካርባይድ የሚበላው የአልማዝ ድንጋይ ነው። አቧራው ውስጥ ኮባልት ስላለበት ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ያለ ጭንብልና ያለ ውሃ አይሞከርም። ከተሳለ በኋላ ምላጩ ያጥራል፣ ጫፉም ከመሃል ሊሸሽ ይችላል፣ ስለዚህ ልኩ ሁሉ እንደ አዲስ ይያዛል። እኔ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ያለቁትን በጠርሙስ አጠራቅማለሁ፣ ተንግስተኑን መልሰው የሚያወጡ ስላሉ ቁርጥራጭ ካርባይድ የሚሰበስብ ሰው ይፈልገዋል። ቅርጫት ውስጥ ግን አትጣሉት፣ ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው እጅ አለው።

ሌላ ትንሽ ነገር። ምላጭ በፒንሳ አትያዙ። በዚያች አንድ ጭምቂያ ተሸርፎ ስንቱን ሰው ለሻጭ ቅሬታ ሲጽፍ አይቻለሁ። ዋናው እያንዳንዱ ለብቻው በፕላስቲክ ማቀፊያ ይመጣል፣ በማቀፊያው ይዞ መያዣው ውስጥ መክተት ይቻላል። ተመሳሳዩ በሣጥን ውስጥ በየጉድጓዱ ተሰክቶ ይመጣል፣ ጫፉ ወደታች፣ ጥሩ ነው፣ ሣጥኑ ሲከፈት ግን ክዳኑ ይለቅና አንድ ሁለቱ ይዘላሉ። መሬት የወደቀ ካርባይድ ምላጭ በአጉሊ መነጽር ሳይታይ አይገጠም። ለዚህ ክዳን አንድ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

ወጪውን ስታሰሉ የምላጩን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። አንድ ምላጭ ስንት ሜትር በንጽህና ቆረጠ የሚለውን ጻፉ፣ ሶፍትዌሩ የተቆረጠውን ርዝመት ይነግራችኋል። ዋጋውን ለሜትሩ አካፍሉ። ላዩ ላይ ምላጭ ለመቀየር የቆመውን ሰዓትና የተጣለውን ሉህ ጨምሩበት። እኔ ማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ሰቅያለሁ፣ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ የትኛው ፓኮ፣ ስንት ሜትር። በዚህ ሂሳብ ካርቶንና ፎም ፒቪሲ ላይ ተመሳሳዩ ዋናውን አሸንፏል፣ ጓርኒሲዮን ላይ ተሸንፏል። ስም የለሹ በምላጭ ዋጋ ከሁሉ የረከሰ ነው፣ በተበላሸ ሉህ ከሁሉ የተወደደ።

አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ያለው እንዲህ ነው። ሁለት ሣጥን ተመሳሳይ፣ አንዱ 45 አንዱ 60 ዲግሪ፣ በላዩ ላይ በማርከር ተጽፎበት፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ። አንድ ፓኮ ዋናው፣ ለጓርኒሲዮንና ለትንንሽ ፊደል። ከስም የለሹ የተረፉትን ደግሞ አንዱን በቴፕ ጠቅልዬ እጀታ አበጀሁለት፣ የመጣ ዕቃ የታሸገበትን ካርቶን የምከፍትበት እሱ ነው። ለዚያስ ግሩም ነው።